መጨረሻ የተሠራለት ቦይ

[ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ። ሐምሌ ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በድንጋይ የተገነባ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ መንደሩን አቋርጦ ይመጣና የሱሌይማን ጨው መጋዘን በር ላይ ሲደርስ ድንገት ያቆማል። ከዚያ ወዲያ አፈር ነው። ከመጋዘኑ አንድ በር ከፍ ብሎ የአቶ ወልደጻድቅ ግቢ አለ። አቶ ወልደጻድቅ የመንግሥት ሥራ ጡረተኛና የመንደሩ የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የሪባን አንድ ጫፍ ይዘዋል፤ ሌላውን ጫፍ ሱሌይማን ይዟል። ቦዩ መሃላቸው ነው።]

ሱሌይማን፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አሁንም አልገባኝም። ክቡር እንግዳው ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ የት ነው የሚገቡት?

ወልደጻድቅ፦ የትም አይገቡም! ይቆርጣሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ!

ሱሌይማን፦ የአጎቴ ልጅ መናኸሪያ ጋ ሱቅ ሲከፍት ሪባን ቆርጠን ገባን። ጤና ጣቢያው ሲመረቅም ቆርጠው ገቡ። እኔ ሪባን የሚቆረጠው ለመግባት ይመስለኝ ነበር። እዚህ ቆርጠው አንድ እርምጃ ቢራመዱ...

ወልደጻድቅ፦ ቢራመዱ ምን?

ሱሌይማን፦ ይወድቃሉ።

ወልደጻድቅ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ቅዳሜ ዕለት እንዳትናገር! የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሪባኑ በወርዱ ይታሰር ወይስ በርዝመቱ?

ሱሌይማን፦ በርዝመቱ ከሆነ ሪባኑ አይደርስም። በወርዱ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ጉድጓዱ ላይ ነው የሚውለው። እጃቸው አጭር የሆነ እንግዳ የተላኩ እንደሆነስ?

ወልደጻድቅ፦ እጀ ረጅም ነው የሚልኩት፣ አታስብ።

ሱሌይማን፦ እሱንስ አልጠራጠርም።

ወልደጻድቅ፦ [ቆጣ ብለው] ምን ማለትህ ነው?

ሱሌይማን፦ ምንም። ሪባኑን ጠበቅ ላድርገው ማለቴ ነው።

ወልደጻድቅ፦ ያንተ ችግር የአመለካከት ችግር ነው። ሌላው ነዋሪ ይህን ቦይ ሲያይ ልማት ይታየዋል። አንተ ጉድጓድ ይታይሃል።

ሱሌይማን፦ እማማ አስካለም ጉድጓድ ነው የታያቸው። ማለቴ፣ መጀመሪያ አልታያቸውም፤ ከወደቁ በኋላ ነው የታያቸው። ይኸው ከፋሲካ ወዲህ ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም።

ወልደጻድቅ፦ ኮሚቴው እማማ አስካለን ዝም ብሎ አልተመለከታቸውም! ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠይቀናቸዋል።

ሱሌይማን፦ ደግ አደረጋችሁ። ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ?

ወልደጻድቅ፦ ግንዛቤ ሰጠናቸው።

ሱሌይማን፦ ስለ ምን?

ወልደጻድቅ፦ ስለ ቦዩ ጥቅም።

ሱሌይማን፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ጥሩ ነው። የወገብ ስብራት ላይ ግንዛቤ ሲታሰርበት ይጠግናል።

ወልደጻድቅ፦ ክዳን የለውም ብለህ ከሆነ፣ ክዳኑ የሚመጣው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ፕሮጀክት በምዕራፍ ነው የሚሄደው። አሁን አፈጻጸማችን ዘጠና አምስት በመቶ ደርሷል።

ሱሌይማን፦ ማሻአላህ! አምና ስንት ነበር?

ወልደጻድቅ፦ ሰባ።

ሱሌይማን፦ አምናም ግን እዚሁ በሬ ላይ ነበር የቆመው።

ወልደጻድቅ፦ የቆመው ቦዩ ነው እንጂ አፈጻጸሙ አይደለም።

ሱሌይማን፦ አፈጻጸሙ ታዲያ ወዴት ሄደ?

ወልደጻድቅ፦ ወደ ላይ! አፈጻጸም ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሱሌይማን፦ ውሃው ግን ወደ ታች ነው የሚመጣው ጋሼ።

ወልደጻድቅ፦ [ይተነፍሳሉ] ከአንተ ጋር መነጋገር ድንጋይ መፍለጥ ነው። መዘግየቱን እኔ ክጃለሁ? አልካድኩም። ምክንያት አለው። መጀመሪያ የወጣቶቹ ማኅበር ተደራጀ። ሲደራጅ ሥልጠና ገባ። ከሥልጠናው ሲወጣ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ተጣሉ። እነሱን ስናስታርቅ ደግሞ ድንጋይ የጫነው መኪና ሌላ ቀበሌ ምረቃ ደርሷል ተብሎ ድንጋያችንን እዚያ አራግፎ ባዶውን መጣ።

ሱሌይማን፦ የእነሱ ቦይ ተመረቀ?

ወልደጻድቅ፦ በደማቅ ሁኔታ!

ሱሌይማን፦ ውሃ ያሳልፋል?

ወልደጻድቅ፦ እኔ ስለ ምረቃው ነው የማወራህ! ከዚያ ደግሞ ያ የመብራት ምሰሶ መጣ።

ሱሌይማን፦ ምሰሶው እንኳ አልመጣም ጋሼ። እኔ እዚህ ስገባም ቆሞ ነው ያገኘሁት።

ወልደጻድቅ፦ ማን ማን ላይ መጣ የሚለው በጥናት የሚመለስ ነው! ዋናው ነገር ምሰሶው የቦዩ መስመር ላይ ነው። የሚነቅለው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ የሚቆፍረው ሌላ። ተቀናጅታችሁ ሥሩ አልናቸው።

ሱሌይማን፦ ተቀናጁ?

ወልደጻድቅ፦ አዎ። ሁለቱም "የኛ ጉዳይ አይደለም" አሉ።

ሱሌይማን፦ እኔ ከዚህ እስከ መስጊዱ ጥግ ያለችው ብትቆፈርልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም። ትልቁ መውረጃ እዚያ ነው፤ ጎርፉ እዚያ ገብቶ ይሄድልኝ ነበር። አሁን እኮ የላይኛውን መንደር ውሃ ሁሉ ሰብስባችሁ አምጥታችሁ በሬ ላይ ነው የምትደፉት። ድሮ ጎርፉ ተበታትኖ ነበር የሚመጣው፤ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰው ነበር። ቦዩ ከተሠራ ወዲህ ተደራጅቶ እኔ ጋ ይመጣል።

ወልደጻድቅ፦ መደራጀት ጥቅሙ ይሄ ነው።

ሱሌይማን፦ አምና መጋዘኑ ሙሉ ጨው ሟሟብኝ። የገባው ውሃ ጨዋማ ሆኖ ወጣ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ጨው መግዛት ተዉ አሉ፤ ዓሣው ከነጨው ነው የሚወጣው።

ወልደጻድቅ፦ [ከልባቸው ይስቃሉ] ይቺን ቅዳሜ ለእንግዶቹ እነግራቸዋለሁ!

ሱሌይማን፦ ይሳቁ ጋሼ። ዘንድሮ ከደገመኝ ግን መጋዘኑን ዘግቼ፣ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወራቤ አባቴ ቤት መግባቴ ነው። ከዚህ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ወልደጻድቅ፦ ይኸው ደግሞ ልቅሶ! ከምረቃው በፊት አልቅሰህ ጨርስ። ቅዳሜ ከሌላ ዞን ልምድ ሊቀስሙ ነው የሚመጡት፤ ፊትህ ይፈታ። "ምን ተጠቀምክ?" ካሉህ ምን ትላለህ?

ሱሌይማን፦ "የላይኛው መንደር ጎርፍ በሙሉ ደርሶኛል፤ የቀረብኝ የለም" እላለሁ።

ወልደጻድቅ፦ አንተን ማንም ምንም አይጠይቅህም! ከኋላ ነው የምትቆመው።

ሱሌይማን፦ እሺ። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። እንግዶቹ ከላይ ጀምረው እያጨበጨቡ፣ እያጨበጨቡ ይመጣሉ። እዚህ ሲደርሱ አንዱ "ከዚህ በኋላስ?" ቢልስ?

[ወልደጻድቅ ሪባኑን ይለቁታል። ጫፉ ቦዩ ውስጥ ይወድቃል።]

ወልደጻድቅ፦ ማነው እንደሱ የሚል?

ሱሌይማን፦ እንግዳ ነዋ፤ አገሩን አያውቅም። ይኸው ይዩት፤ ጫፉ አፉን ከፍቶ አፈር ላይ ተደፍቷል። ያላለቀ ይመስላል።

ወልደጻድቅ፦ ይመስላል?

ሱሌይማን፦ እኔ ስላልተማርኩ ይሆናል። የጨው ከረጢት እንኳ አፉ ካልተሰፋ ገዢው ጎዶሎ ነው ይላል።

ወልደጻድቅ፦ [ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ድንገት ይቆማሉ] አፉን እንሰፋዋለን!

ሱሌይማን፦ የማንን አፍ?

ወልደጻድቅ፦ የቦዩን! ጫፉ ላይ ግንብ እንሠራለታለን። ሲያዩት መጨረሻው ይታወቃል። "ከዚህ በኋላስ?" የሚል የለም፤ ከግንብ በኋላ ምን ይጠየቃል?

ሱሌይማን፦ ኧረ ጋሼ! ቦይ ተዘግቶ? ውሃው ወዴት ሊሄድ?

ወልደጻድቅ፦ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ! እኔ መጨረሻ አጥቼ እጨነቃለሁ፣ አንተ ውሃ ትላለህ።

ሱሌይማን፦ አይሆንም ጋሼ፣ ይተዉት። ደግሞስ ሲሚንቶ ከየት ይመጣል? አልቋል ብለውን የለም?

ወልደጻድቅ፦ ለሥራው ነው ያለቀው። ለምረቃው አለ።

ሱሌይማን፦ የት?

ወልደጻድቅ፦ እኔ ግቢ። ለጥበቃ ያስቀመጥኩት ነው።

ሱሌይማን፦ ብሎኬቱስ?

ወልደጻድቅ፦ እሱም እኔ ግቢ።

ሱሌይማን፦ ሁሉም ነገር እርስዎ ግቢ ነው እንዴ?

ወልደጻድቅ፦ ኃላፊነት ሲሸከሙ ነው የምታየው! ና፣ ባሬላውን በዚያ በኩል ያዝ።

[ብሎኬትና ሲሚንቶ በባሬላ ያመላልሳሉ። ሱሌይማን ቦዩ ውስጥ ወርዶ ብሎኬት ይደረድራል። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አጣሞ ያስቀምጣል።]

ወልደጻድቅ፦ ምንድነው እሱ? የሰከረ ሰው ጥርስ አስመሰልከው!

ሱሌይማን፦ እኔ ጨው ነው የማውቀው ጋሼ። ይተዉት፣ ለአንድ ቀን ምረቃ እንዲህም ይበቃል።

ወልደጻድቅ፦ ውጣ ከዚያ! [ኮታቸውን አውልቀው ይሰጡታል፤ ይወርዳሉ] ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሲሚንቶ አቀብለኝ! ጨምር! አትሰስት!

ሱሌይማን፦ እስከ ጉልበት ከደረሰ አይበቃም?

ወልደጻድቅ፦ ምን ጉልበት? ከቦዩ አፍ በላይ መውጣት አለበት። ፊቱ ላይ ጽሑፍ ይጻፍበታል።

ሱሌይማን፦ ቀጭን ቢሆንስ? ሲሚንቶ እንቆጥብ።

ወልደጻድቅ፦ ቀጭን! ክቡር እንግዳው እኮ እላዩ ላይ ቆመው ነው ንግግር የሚያደርጉት። ድርብ ይሁን! ከወዲያ በኩል በትልልቅ ድንጋይ ደግፈው! ግራና ቀኙንም አሲዘው፤ ቀዳዳ እንዳይኖረው!

ሱሌይማን፦ ኧረ አይሆንም ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ...

ወልደጻድቅ፦ ዝም ብለህ አቀብል!

[ቅዳሜ ጠዋት። ግንቡ ደርቋል፤ በኖራ ተቀብቶ "የሕዝብ ተሳትፎ ውጤት" ተብሎ ተጽፎበታል። የእድሩ ድንኳን ከጎኑ ተተክሏል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ወልደጻድቅ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ሱሌይማን ዣንጥላ ይዟል። ከወንዶ ገነት በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጥቶ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበዋል።]

ወልደጻድቅ፦ ዛሬን ባይዘንብ ምን ነበረበት! ትንሽ እንኳ አይታገሥም?

ሱሌይማን፦ ዝናቡ አልተጠራም መሰለኝ። ሰምቶ ነው የመጣው።

ወልደጻድቅ፦ [ወደ ቦዩ ያጎነብሳሉ] እየመጣ ነው... እየመጣ ነው... ኧረ ተመልከት! ግንቡ ጋ ደርሶ ቆመ! ጢም ብሎ እየሞላ ነው! አንዲት ጠብታ አያሳልፍም!

ሱሌይማን፦ ጋሼ፣ ሞኝነቴን አይዩብኝና... ቦይ የሚመሰገነው ሲያሳልፍ ነው ወይስ ሲይዝ?

ወልደጻድቅ፦ እንደ ሁኔታው ነው። እንግዶቹ መጥተው ባዶ ቦይ ከሚያዩ ሙሉ ቦይ ቢያዩ አይሻልም? ሥራ ላይ ነው ይላሉ።

[ስልካቸው ይጮኻል። ፈጥነው ያነሳሉ። ሱሌይማን መጋዘኑ ገብቶ ይመለሳል።]

ወልደጻድቅ፦ ሄሎ! አቤት ጌታዬ! ድንኳን ውስጥ ነን፣ እየጠበቅን ነው... የት ጋ?... እንዴት?... እሺ። እሺ ጌታዬ። [ስልኩን በቀስታ ኪሳቸው ይከታሉ]

ሱሌይማን፦ ምን አሉ?

ወልደጻድቅ፦ አይመጡም።

ሱሌይማን፦ ምነው በሰላም?

ወልደጻድቅ፦ መንገዱን ጎርፍ ዘግቶባቸዋል።

ሱሌይማን፦ የጎርፍ ማስወገጃ ሊመርቁ መጥተው።

ወልደጻድቅ፦ አትድገመው! ሰምቼዋለሁ!

[ከአቶ ወልደጻድቅ ግቢ ውስጥ የባለቤታቸው የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጩኸት ይሰማል።]

ጸሐይወርቅ፦ ወልዴ! ኧረ ወልዴ! ቤቱ በውሃ ተሞላ!

ወልደጻድቅ፦ ከጣሪያ ነው?

ጸሐይወርቅ፦ የምን ጣሪያ! ከመታጠቢያ ቤት ወለል ነው የሚፈላው! ጭቃ ነው! ሳሎን ገብቷል!

ሱሌይማን፦ ከመታጠቢያ ቤት? የጎርፍ ውሃ እንዴት አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት ይወጣል ጋሼ?

ወልደጻድቅ፦ [ከረቫታቸውን እያላሉ] አንዲት... ትንሽ ቱቦ አለች።

ሱሌይማን፦ ከየት ወዴት?

ወልደጻድቅ፦ ከመታጠቢያ ቤት... ወደ ቦዩ። ከሥር በኩል። ለጊዜው ብዬ ነው።

ሱሌይማን፦ ወደዚህ ቦይ የቤት ፍሳሽ የለቀቀ ይቀጣል ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ወልደጻድቅ፦ እሱን ለሌላው ነው የተናገርኩት! አሁን ወሬውን ተወውና ዶማ አምጣ!

ሱሌይማን፦ ለምን?

ወልደጻድቅ፦ ግንቡ ይፍረስ! ቦዩ ጢም ባለ ቁጥር በቱቦዋ ወደኔ ነው የሚመለሰው!

ሱሌይማን፦ አይፈርስም።

ወልደጻድቅ፦ ምን አልክ?

ሱሌይማን፦ ከግንቡ ወዲህ ጨዌ አለ። አሁን ገብቼ የመጋዘኑን ወለል በእጄ ዳሰስኩት፤ አቧራ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ወልደጻድቅ፦ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ!

ሱሌይማን፦ እርስዎ አላሠሩትም ጋሼ፤ ሠሩት። ድርብ ይሁን አሉ፣ በድንጋይ ይደገፍ አሉ፣ ቀዳዳ አይኑረው አሉ። እንዲህ አድርገው የገነቡትን ነገር እንኳን በዶማ በግሬደርም አይነቀንቁትም።

ወልደጻድቅ፦ [ትክ ብለው ያዩታል] ቆይ... ቆይ እስቲ። "ኧረ ጋሼ አይሆንም" እያልክ ስትለምነኝ አልነበር? በአላህ ስም ይዘኸኝ አልነበር?

ሱሌይማን፦ ነበር።

ወልደጻድቅ፦ ታዲያ?

ሱሌይማን፦ እኔ አይሆንም ካላልኩ እርስዎ ይሆናል አይሉማ።

ወልደጻድቅ፦ አንተ! ብሎኬቱን አጣመህ የደረደርከውስ?

ሱሌይማን፦ ቀጥ አድርጌ ብሠራው እርስዎ ቦይ ውስጥ ይወርዱ ነበር?

ጸሐይወርቅ፦ ወልዴ! ሶፋው ተንሳፈፈ!

ወልደጻድቅ፦ መጣሁ! [አይንቀሳቀሱም] እኔ... እኔ እኮ ሞኝ ነህ ብዬ...

ሱሌይማን፦ ልክ ነዎት፤ እንደዚያ ሆኜ ነው የመጣሁት። ባለፈው ክረምት ጨዌ ከመሟሟቱ በፊት በዚሁ ቦታ አሸዋ በከረጢት ሞልቼ ልዝጋ ብዬ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በጣቴ እያሳየሁ እንደሚያውቅ ሰው አስረዳሁ። "ፀረ ልማት" ብላችሁ ከረጢቱን አስነሣችሁኝ። ዘንድሮ ሞኝ ሆኜ ስመጣ ግን ሲሚንቶም፣ ብሎኬትም፣ ግንበኛ ሰብሳቢም አገኘሁ።

ወልደጻድቅ፦ [ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ያያሉ] ቀሪው ይቆፈር! አሁኑኑ! እስከ ጥጉ ድረስ ይቆፈርና ውሃው ይሂድ!

ሱሌይማን፦ እኔ አካፋዬን ይዤ አብሬዎት እገባለሁ። እውነቴን ነው። ያቺ ብትቆፈር የእኔም ጨው የእርስዎም ሶፋ ይድን ነበር፤ እማማ አስካለም ቢሆኑ ከንቱ ጉድጓድ ውስጥ አልወደቁም ማለት ነው።

ወልደጻድቅ፦ [ይደነግጣሉ] አይቻልም።

ሱሌይማን፦ ምን ሆኖ?

ወልደጻድቅ፦ ግንቡ እንዳለቀ ሐሙስ ማታ ደውዬ መቶ በመቶ ብያቸዋለሁ። ያለቀ ቦይ ማን ይቆፍራል?

ጸሐይወርቅ፦ ወልዴ! ፍራሹ ሊሄድ ነው!

ወልደጻድቅ፦ ወደ በላይ አካል እሄዳለሁ! ዛሬውኑ! ምሰሶውን፣ ድንጋዩን፣ ማኅበሩን፣ ሁሉንም የማውቀውን አንድ በአንድ አስረዳቸዋለሁ!

ሱሌይማን፦ [ዣንጥላውን ዘርግቶ ያስይዛቸዋል] ይሂዱ ጋሼ፣ ግን ምክሬን ይስሙኝ። የሚያውቁትን እንዳይናገሩ፤ ፀረ ልማት ይሉዎታል። ሞኝ ሆነው ይግቡ። እርስዎ ደግሞ ብዙም አይቸግርዎትም።